የተከራይ ዲሽ ጣሪያ ላይ አይወጣም

ሥራዬ ቅየሳ ነው። መንገድ የተጀመረበት ቦታ እሄዳለሁ፤ ሲያልቅ ጓዜን ጠቅልዬ ወደሚቀጥለው። በሰባት ዓመት ውስጥ ወሎ ላይ አምስት ቤት ተከራይቻለሁ። ወልዲያ አንድ፣ ሐይቅ አንድ፣ ኮምቦልቻ ሁለት፣ አሁን ደግሞ ደሴ። አልጋው ይፈታል፣ ብርድ ልብሱ ይታሰራል፣ ሳህኑ በጋዜጣ ይጠቀለላል። ቤት በለቀቅኩ ቁጥር ጭቅጭቅ የሚያመጣብኝ ዲሹ ብቻ ነበር።

ወልዲያ ላይ ሰፈሩ የሚያውቀውን አንድ የዲሽ ልጅ ጠራሁ። መሰላል አቆመ፣ ቆርቆሮው ላይ ወጣ፣ የዲሹን እግር ሦስት ቦታ በሚስማር መታ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወረደ። ምስሉ ጥርት ያለ ነበር። ሐምሌ ላይ ውሃው በሚስማሩ ቀዳዳ ገባና ኮርኒሱን አልፎ የአከራዬ አልጋ ላይ ተንጠባጠበ። በእኔ ክፍል በኩል ቢሆን ባልዲ አስቀምጬ ዝም እል ነበር። ቆርቆሮ ገዝቼ ቀየርኩ፤ ኮርኒስ አሠራሁ። ቤቱን ስለቅ ደግሞ «ዲሹን ከነቀልከው ቀዳዳው ለእኔ ሊቀር ነው?» አሉኝ። ትቼው ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አልወጣሁም። ዲሼ የሚቆመው መሬት ላይ ነው። ሰው ዲሹን ሲያይ ይስቃል። ቤት ገብቶ ቴሌቪዥኑን ሲያይ ዝም ይላል።

ጦሳን ትቶ ወደ ኮምቦልቻ

ዲሽ ለምን ጣሪያ ላይ ይሰቀላል? የናይልሳት ጊዜ ልማድ ነው። ናይልሳት የሚባለው ሳተላይት ያለው በ7 ዲግሪ ምዕራብ ነው። ከደሴ ሲታይ በምዕራብ በኩል፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ጋደል ብሎ፣ ከአድማስ 35 ዲግሪ ብቻ ከፍ ይላል። ዲሹ የጦሳን ተራራ አፍጥጦ ያይ ነበር ማለት ነው። 35 ዲግሪ ዝቅ ያለ ነው። አጥሩም፣ ባሕር ዛፉም፣ የጎረቤቱ ቤትም ይጋርደዋል። ያኔ ጣሪያ ላይ የወጣ ሰው አይፈረድበትም።

ኢትዮሳት ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። የአገር ውስጥ ጣቢያዎቹን የያዘው ሳተላይት ኤንኤስኤስ 12 ይባላል፤ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው ያለው። ከደሴ ስትለኩት አቅጣጫው ከሰሜን ተነስቶ 122 ዲግሪ፣ ማለትም ደቡብ ምሥራቅ ነው። ከፍታው 66 ዲግሪ። በደሴ ቋንቋ ልንገራችሁ፦ ፒያሳ ቆማችሁ «ኮምቦልቻ ወዴት ናት?» ብትባሉ በምትጠቁሙበት በኩል ነው። መንገዱን ማለቴ አይደለም፤ መንገዱ ሐረጎ ላይ ይጠማዘዛል። ወፍ የምትሄድበትን ነው። ከዚያ የጠቆማችሁበትን እጅ ወደ ላይ አንሱት፣ አናታችሁ ላይ ሊደርስ ትንሽ እስኪቀረው።

ወልዲያ፣ ሐይቅ፣ ኮምቦልቻ ወይም ከሚሴ ያላችሁም ይኸው ቁጥር ይሠራላችኋል። ልዩነቱ አንድ ሁለት ዲግሪ ቢሆን ነው።

ይህ 66 ለተከራይ ትልቅ ነገር ነው። ሦስት ሜትር ግድግዳ ከፊታችሁ ቢኖር፣ ለናይልሳት ከአራት ሜትር በላይ መራቅ ነበረባችሁ። ለኢትዮሳት ግን አንድ ሜትር ተኩል ይበቃል። እኔ የምጠቀምበት ሒሳብ ቀላል ነው፦ በኮምቦልቻ አቅጣጫ ያለውን ከለላ ቁመት ለሁለት አካፍሉ፣ ያን ያህል ራቁ። ስድስት ሜትር ዛፍ ከሆነ ሦስት ሜትር። ጠባብ ግቢ ውስጥ እንኳ እንዲህ ዓይነት ጥግ አይጠፋም። ዲሹ የሚፈልገው ሰማይ ነው እንጂ ከፍታ አይደለም።

ቦታውን ለመፈተን ከሁሉም የምወደው ዘዴ ፀሐይ ናት። መስቀል በዋለበት ሰሞን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች። በመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንትም እንደዚሁ። በእነዚያ ቀናት በዚያ ሰዓት ዲሹ ሊቆም የታሰበበት ቦታ ላይ ጥላ ካረፈ፣ ጥላውን ያጠላው ነገር ሳተላይቱንም ይጋርዳል። ፀሐይ ከነካችው ቦታው ንጹሕ ነው። በነገራችን ላይ በእነዚሁ ቀናት ምስሉ ለጥቂት ደቂቃ ይቆራረጣል። የፀሐይዋ ጨረር የሳተላይቱን ሞገድ ስለሚውጠው ነው። ሰው ዲሹ የተበላሸ መስሎት ይነካካዋል። አትንኩት። ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ይስተካከላል።

ሁለተኛው ቡና ላይ

ዲሽ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ግቢው ውስጥ ኢትዮሳት የሚይዝ ዲሽ ካለ ባለቤቱን ጠይቁ። የራሱን ኤልኤንቢ፣ ማለትም ዲሹ ክንድ ጫፍ ላይ ያለውን ሞገድ ተቀባይ፣ ሁለት ወይም አራት መውጫ ባለው ብትቀይሩለት፣ ከእሱ ዲሽ የራሳችሁን ኬብል ስባችሁ የፈለጋችሁትን ቻናል ታያላችሁ። እሱን አትረብሹትም፤ እናንተም ዲሽ አትገዙም። አንዱን ኬብል በርካሽ ማከፋፈያ ለሁለት መክፈል ግን ጠብ ነው። ሪሲቨር አግድሙን ሞገድ ሲፈልግ 18 ቮልት፣ ቋሚውን ሲፈልግ 13 ቮልት ይልካል። ሁለት ሪሲቨር በአንድ መስመር ላይ የተለያየ ቮልት ሲልኩ የአንዱ ቤት ቻናል ይጠፋል። ከዚያ «ማን ነካው?» ይጀመራል።

ሁለተኛ፣ አከራያችሁን አስፈቅዱ። መሬት ላይ ቢሆንም ግቢው የሳቸው ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከቡና ጋር ይሄዳል። እኔ ደሴ ላይ አቦሉን ዝም ብዬ ጠጣሁና ቶናው ላይ አነሳሁት።

«ጣሪያዬን ልትበሳው?»

«አልበሳም እትዬ። ጣሪያ አልነካም። እዚህ ጓሮ መሬት ላይ ነው የማቆመው።»

«ዲሽ መሬት ላይ? ለዶሮዎቼ ውሃ ልታቀርብበት ነው እንዴ?»

«ካልሠራ በነጋታው አነሳዋለሁ።»

«አብሽር ልጄ፣ አድርገው። የልብስ ማስጫ ገመዴን ብቻ እንዳትነካብኝ።»

ያቺ ገመድ በኋላ ጉድ ሠርታኛለች። እመለስባታለሁ።

ስምምነቱን ግን በቃል አትተዉት። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ይላል። ውሉ ከተጻፈ አይቀር አንድ መስመር ጨምሩበት፦ «ዲሹ፣ መቆሚያውና ኬብሉ የተከራዩ ንብረት ናቸው፤ ሲለቅ ይወስዳል፣ የበሳውን ቀዳዳ ይደፍናል።» ወልዲያ ላይ ይህች መስመር ብትኖረኝ ኖሮ ዲሼ ዛሬ ከእኔ ጋር ነበር።

ባልዲውና ጎማው

መቆሚያውን ሐይቅ ላይ በቀለም ባልዲ ነበር የጀመርኩት። ሃያ ሊትር ባልዲ፣ መሀሉ ላይ ቱቦ፣ ዙሪያው ኮንክሪት። አርባ አምስት ኪሎ ገደማ መዘነ። ማን ይነቀንቀዋል አልኩ። አንድ ሌሊት ነፋስ ተነሳ። የሰማሁት ድምፅ ሌባ አጥር ያፈረሰ ነበር የሚመስለው። ግቢው በሙሉ ባትሪ ይዞ ወጣ። ዲሹ በፊቱ ተደፍቷል፣ የኤልኤንቢው ክንድ ተጣሟል፣ ባልዲው እንደ ሰካራም ጎኑ ላይ ተኝቷል።

በነጋታው ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ችግሩ ክብደቱ ብቻ አልነበረም። 90 ሳንቲ ዲሽ ለነፋስ እንደ ሸራ ነው። ባልዲው ደግሞ መቀመጫው ጠባብ ነው፤ ከመሀሉ እስከ ጠርዙ አሥራ አምስት ሳንቲ ቢሆን ነው። ቱቦውንም ረዥም አድርጌው ነበር። ረዥም ቱቦ፣ ጠባብ መቀመጫ፦ ነፋሱ ማድረግ ያለበት መግፋት ብቻ ነበር።

አሁን የምጠቀመው አሮጌ የቪትዝ ጎማ ነው። ከጎሚስታ በትንሽ ብር፣ አንዳንዴም በምርቃት ይገኛል። እንዲህ ነው የሚሠራው። በያጅ ጋ ሂዱና 90 ሳንቲ ርዝመት ያለው፣ ለዲሻችሁ ማሰሪያ ልክ የሚሆን ብረት ቱቦ አስቆርጡ። ታችኛው ጫፍ ላይ ሁለት ቁራጭ ፌሮ በመስቀል አስበይዱበት። ይህን አትርሱ። ፌሮ ከሌለው ቱቦው ኮንክሪቱ ውስጥ ይዞራል፣ ዲሹም አብሮ። ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት መሬት ላይ አንጥፉ፣ ጎማውን አስተኙበት፣ ቱቦውን መሀል አቁሙ። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር። ውሃ አታብዙ። ጎማው ሆድ ውስጥ ሁሉ እንዲገባ በዱላ ጠቅጥቁት።

ኮንክሪቱ ሳይደርቅ ውሃ ልክ ቱቦው ላይ ለጥፉ። በአንድ በኩል ለኩ፣ ዘጠና ዲግሪ ዞራችሁ በሌላው በኩል ለኩ። አረፋው መሀል ካልቆመ ቱቦውን አስተካክሉ። የሥራ አመሌ ነው ብላችሁ አትለፉኝ። ቱቦው ከተጋደለ በዲሹ ጀርባ ላይ የተጻፈው ዲግሪ በሙሉ ውሸት ይሆናል። ሦስት ቀን ውሃ እያጠጣችሁ ተዉት።

ወደ ሰማንያ ኪሎ ይመዝናል። መቀመጫው ሰፊ ነው። ደሴ ላይ ስንት ዶፍና ስንት ነፋስ አልፎበታል፣ ንቅንቅ አላለም። ቤት ስትለቁ ደግሞ ጎማ አይደል? በጠርዙ አቁማችሁ ለሁለት ታንከባልሉታላችሁ።

ኬብሉ

ወፍራሙን ኬብል ግዙ፤ አርጂ 6 የሚባለውን። ቀጭኑ ይረክሳል፣ ግን ከሰጣችሁት ሲግናል ብዙውን መንገድ ላይ ይበላዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጫፉ ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀሉ። የኬብሉን ልባስ ከጫፉ አንድ ሳንቲ ተኩል ላይ ዙሪያውን በስለት ቁረጡና አውጡት። በኃይል አትጫኑ፤ ከሥሩ እንደ ፀጉር የሳሳ ሽቦ አለ፣ እሱ መቆረጥ የለበትም። ያንን ፀጉር ወደ ኋላ መልሳችሁ ልባሱ ላይ አስተኙት። አሁን ነጭ ፕላስቲክ በብር ወረቀት ተጠቅልሎ ታያላችሁ። ስድስት ሚሊ ያህል ትታችሁ ቀሪውን ከነብር ወረቀቱ ቁረጡ። መሀል ላይ አንድ ደንደን ያለ ሽቦ ራቁቱን ይቀራል። ኮኔክተሩን ነጩ ፕላስቲክ ከውስጠኛው ወለሉ ጋር እኩል እስኪሆን እያዞራችሁ አስገቡት። መሀለኛው ሽቦ ከኮኔክተሩ አፍ ሁለት ሚሊ ብቻ ብቅ ይበል። ከዚያ ወደ ብርሃን አቅርባችሁ ውስጡን እዩ። አንዲት ፀጉር እንኳ መሀለኛውን ከነካች ሾርት ነው። እኔ የሰፌድ ያህል መነጽር አድርጌ ነው የማየው፤ አላፍርም።

ዲሹ ጋ ያለውን ኮኔክተር ካሰራችሁ በኋላ በፕላስተር ጥብቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉ። ኬብሉን ኤልኤንቢው ሥር አንድ ጊዜ ወደ ታች አንጠልጥሉና ከዚያ ወደ ቤት ውሰዱት። ዝናቡ በኬብሉ ላይ ወርዶ እዚያ ዝቅ ያለው ጋ ይንጠባጠባል እንጂ ኮኔክተሩ ውስጥ አይገባም። የደሴ ጉም ከዝናብ አይተናነስም። ሌሊቱን ሁሉ ያረጥባል።

ወደ ቤት የት ይግባ? የጭቃ ቤት ግድግዳ አትብሱ። ፊሸር አይዝም፣ ልስኑም ተላቆ ይወርዳል፣ አከራይም ያዝናሉ። የመስኮቱ እንጨት ታችኛው ጥግ ላይ በስምንት ሚሊ ድሪል አንድ ቀዳዳ ይበቃል። ከውጭ በኩል ዝቅ፣ ከውስጥ ከፍ እንዲል አዘንብላችሁ ብሱ፤ ውሃ ሽቅብ አይወጣም። ኬብሉን በባዶ ጫፉ አሳልፉና የውስጡን ኮኔክተር ከገባ በኋላ አስሩ። ለኮኔክተሩ ብላችሁ ቀዳዳውን አታስፉት። ስትለቁ በእንጨት ስቱኮ ይደፈናል።

ፍለጋው

ሪሲቨሩ ሜኑ ላይ 57 ዲግሪ ምሥራቅን ምረጡ። የኤልኤንቢው ዓይነት ዩኒቨርሳል፣ 9750 እና 10600። ፍሪኩዌንሲ 11105፣ አግድም፣ ሲምቦል ሬት 45000። ሁለት ዲሽ የሚያቀያይር ስዊች ካላስገባችሁ ዳይሴክ የሚለውን ቦታ አጥፉት። ሁለት መስመር ይታያችኋል። አንዱ ሲግናል ነው፤ ዲሹ ባዶ ሰማይ ላይ ቢሆንም ከፍ ሊል ይችላል፣ አትመኑት። የሚፈለገው ኳሊቲ የሚለው ነው።

በዲሹ ጀርባ ያለውን የከፍታ መለኪያ 66 ላይ አስሩት። የዲሹ ፊት ራሱ ያን ያህል የተንጋለለ አይመስልም፤ አትደንግጡ። ኤልኤንቢው ከታች በኩል ስለሚቆም፣ ሞገዱን የሚቀበለው ፊቱ ከሚያሳየው 25 ዲግሪ ገደማ ወደ ላይ ነው። አንዱ ጎረቤቴ ይህን ሳያውቅ ዲሹን እንደ ምጣድ አንጋሎ ሦስት ቀን ሲደክም ነበር።

አቅጣጫውን በስልክ ኮምፓስ ያዙ። ግን ስልኩን ከቱቦውና ከቆርቆሮ አጥር ሁለት ሜትር ያህል አርቁት። ብረት ኮምፓስን ያሳብዳል። 122 ዲግሪ ላይ አንድ ምልክት መርጣችሁ፣ ምሰሶም ይሁን የዛፍ ጫፍ፣ ዲሹን በሱ ላይ አነጣጥሩ።

ከዚህ በኋላ ትዕግሥት ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አውራ ጣታችሁን ወደ ሰማይ ብታሳዩ ጣታችሁ የሚሸፍነው ሁለት ዲግሪ ያህል ነው። 90 ሳንቲ ዲሽ የሚያየውም ከዚያ አይበልጥም። የዲሹ ጠርዝ አንድ ሳንቲ ተኩል ከሸሸ ሳተላይቱ አምልጧል። ስለዚህ ትንሽ ግፉ፣ ሦስት ድረስ ቁጠሩ፣ ትንሽ ግፉ። ሪሲቨሩ ለማሰብ ጊዜ ይፈልጋል። አንድ ልጅ ቴሌቪዥኑ ጋ አስቀምጡና ቁጥሩን በመስኮት ይጥራላችሁ። ልጅ ስትመርጡ «ኧረ አለ አለ!» የሚለውን ተዉት፤ «አርባ ሁለት» የሚለውን ውሰዱ።

አሁን የኮምቦልቻውን ጉዴን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ቤት ለናይልሳት የነበረን ዲሽ በርካሽ ገዝቼ ነው ያዞርኩት። ከፍታው ልክ፣ አቅጣጫው ልክ። ሲግናል 85 ይላል። ኳሊቲው ግን አሥር፣ አሥራ አምስት፣ አሥር። ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት የኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ቆሜ ስገፋ ዋልኩ። ኬብል ቀየርኩ። ሪሲቨር ተዋስኩ። ለካስ ኤልኤንቢውን በማሰሪያው ውስጥ አላዞርኩትም።

ሞገዱ የሚመጣው ተጋድሎ ነው። ምሥራቅ ያለው ሳተላይት ወደ አንድ ጎን፣ ምዕራብ ያለው ወደ ሌላው ጎን። ኤልኤንቢው በዚያው ልክ መጋደል አለበት፤ አለዚያ አግድሙና ቋሚው ይደባለቁበታል። ከዲሹ ፊት ለፊት፣ ጀርባችሁን ለኮምቦልቻ ሰጥታችሁ ቁሙ። ኬብሉ የሚገባበት ጫፍ በሰዓት ፊት ላይ እንዳለ አስቡት። ለናይልሳት 3 እና 4 መሀል ነው። ለኢትዮሳት 8 ቁጥር አካባቢ። እኔ ኤልኤንቢውን ከ3 ወደ 8 ሳዞረው ኳሊቲው ዓይኔ እያየ ከአሥራ አምስት ወደ ስድሳ ዘለለ። ያን ቀን የጠፋብኝን ጊዜ ሳስብ አሁንም ያመኛል። ከ8 ግራና ቀኝ እያላችሁ ከፍተኛው ላይ አቁሙት።

ዳዶዎቹን ስታጠብቁ ሁሉንም በየተራ፣ ትንሽ ትንሽ። አንዱን በአንዴ ካጠበቃችሁ ዲሹን ይስበዋል። ከዚያ ስካን።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር አለ፦ «በአንድ ዲሽ ኢትዮሳትንም አረብሳትንም ማየት አይቻልም?» አይቻልም። የመካውን የሐረም መስጊድ የቀጥታ ስርጭት በአረብሳት የሚከታተል ቤት ወሎ ላይ ብዙ ነው። አረብሳት ባድር በ26 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ ከደሴ ሲታይ ደቡብ ምዕራብ፣ ከፍታው 69 ዲግሪ። ከኢትዮሳት በጣም ይርቃል። ሁለት ዲሽ ያስፈልጋችኋል፤ ሁለቱን በአንድ ዳይሴክ ስዊች አገናኝታችሁ በአንድ ኬብል ታስገባላችሁ። ደስ የሚለው እሱም ከፍ ያለ ስለሆነ እሱም መሬት ላይ ይቆማል።

ፎቅ ላይ ከሆናችሁ

ሁለተኛው የኮምቦልቻ ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ነበር። እዚያ 66 ዲግሪ ወዳጅ መሆኑ ያበቃል። ከበረንዳችሁ በላይ ሌላ በረንዳ ካለ ሳተላይቱን የሚጋርደው እሱ ነው። ናይልሳት ቢሆን ዝቅ ብሎ ስለሚገባ በረንዳው ውስጥ ተቀምጦ ይሠራ ነበር። ለኢትዮሳት ዲሹ ከላይኛው በረንዳ ጠርዝ አልፎ መውጣት አለበት። ከላይኛው ወለል አንድ ሜትር ዝቅ ካለ 45 ሳንቲ ወደ ውጭ፣ ሁለት ሜትር ዝቅ ካለ 90 ሳንቲ። ስለዚህ ዲሹን ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ክንዱ ይረዝማል።

በረንዳችሁ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምሥራቅ ካላየ አትድከሙ። ካየ፣ ለበረንዳው ብረት በብሎን የሚታሰር ክንድ በያጅ ይሥራላችሁ። ብረቱ ላይ አታስበይዱ፤ ብረቱ የእናንተ አይደለም። ሮንዴላ አስገቡበት፣ ሁለት ዳዶ ደራርቡበት። ከሁሉ በላይ ዲሹን በወፍራም ሽቦ ከበረንዳው ውስጥ ካለ ጠንካራ ነገር ጋር ለብቻው እሰሩት። ብሎኑ ቢላቀቅ ሽቦው ይይዘዋል። ከታች ሰው ያልፋል፣ ልጅ ይጫወታል። ዲሹን ወደ ውጭ ተንጠልጥላችሁ አታስሩት፤ ክንዱን ወደ ውስጥ አምጥታችሁ ዲሹን ግጠሙበትና አዙራችሁ አውጡት።

እኔ ራሴ ክንዱን አሠርቼ ከጫንኩ በኋላ አንድ ወር ሳይሞላ ተውኩት። በነፋስ ሲንቀጠቀጥ እንቅልፍ ነሳኝ። የሕንፃውን ኮሚቴ አስፈቅጄ ጎማዬን የጋራው ሰገነት ላይ አወጣሁት። አራት ሰው ተሸክመነው ደረጃውን ስንወጣ የተረገምኩትን እርግማን አልጽፈውም።

ክረምት

ዶፍ ሲወርድ ምስሉ ይቆማል። ከባድ ዝናብ ሞገዱን ይውጠዋል። ዶፉ ሲያልፍ ይመለሳል፤ ዲሹን አትንኩ። ዝናቡ ካባራ ከሰዓታት በኋላም ካልተመለሰ ግን ኮኔክተሩ ውሃ ጠጥቷል። ቆርጣችሁ አዲስ እሰሩ። መብረቅ ሲጀምር ሪሲቨሩን ከሶኬት፣ ኬብሉንም ከሪሲቨሩ ንቀሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም በኃይል ስለሚመጣ፣ ሲጠፋ ንቀሉት፣ ከመጣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሰኩት።

የልብስ ማስጫዋ ገመድ አልረሳኋትም። አንድ እሑድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኳስ በምናይበት ሰዓት ምስሉ ድርግም አለ። ኳሊቲ ዜሮ። ኬብል ፈታሁ፣ ሪሲቨር አጠፋሁ አበራሁ፣ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። አንዱ «ኧረ ጋቢው!» አለ። እትዬ ሁለት የታጠበ ጋቢ ገመዱ ላይ አስጥተዋል፤ እርጥቡ ጋቢ ልክ ዲሹ ፊት ተንጠልጥሏል። የደረቀ ልብስ ብዙም አይከለክል፤ እርጥብ ጋቢ ግን ግድግዳ ነው። ይሰብስቡልኝ አላልኳቸውም። ጎማውን ሁለት ሜትር ወደ ዶሮዎቹ ቤት አንከባለልኩትና እንደገና ፈለግኩ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

አሥር ደቂቃ ያልፈጀው ምልክት ስላለው ነው። ዲሹ በደንብ ከሠራ በኋላ የባለቤቴን የጥፍር ቀለም ተዋስኩና በከፍታው መለኪያ ላይ አንድ መስመር፣ በኤልኤንቢውና በማሰሪያው ላይ አንድ መስመር አሰመርኩ። ስንነሳ ኤልኤንቢውን ከነማሰሪያው እንዳለ ዲሹ ላይ እተወዋለሁ፤ የከፍታውን ብሎን አልፈታም። ዲሹን ብቻ ከቱቦው አውጥቼ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አይሱዙው ላይ በቁሙ አስራለሁ። አዲሱ ቤት ስንደርስ ጎማውን አስተኝቼ በውሃ ልክ እፈትሻለሁ፤ መሬቱ ካጋደለ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገባለሁ። ከዚያ የቀረው ግራና ቀኝ ማዞር ብቻ ነው።